ጠባሳው በየትኛው ጉንጭ ነበር

ባለቤቴ ነገርን ሁሉ የምታየው ከጀርባው ጀምራ ነበር። ጨርቅ ስትገዛ መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። ሰውንም ከፊቱ ይልቅ በማጅራቱ ነበር የምትለየው። እሷ ካለፈች ወዲህ እኔም ገበያ ስወጣ ሸሚዙን ገልብጬ አያለሁ፤ ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም።

ልማዱ ከሥራዋ የመጣ ነው። በወጣትነቷ አኒሜ የሚባለውን የሥዕል ፊልም በሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበረች። ያኔ ሁሉም ነገር በእጅ ነበር። ሠዓሊው መስመሩን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ያወጣል፤ ቀቢዋ ፕላስቲኩን ትገለብጥና ከጀርባው ቀለም ትሞላለች። ቀኝ ግራ ይሆናል፣ ግራም ቀኝ። ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠለቁ ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረው የአንድ ሰው አፍንጫ ሲቀቡ ይውላሉ። ማታ "ዛሬ ምን ሠራሽ?" ስላት "ሰማይ" ትለኝ ነበር። አንዳንዴም "ጆሮ"።

ከቀባቻቸው ሁሉ ስሙ የቀረው በደመና ላይ ጀልባ እየቀዘፈ የጠፉ ሰዎችን የሚፈልገው ቀዛፊ ነው። ቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። በፊልሙ አንድ ክፍል ውስጥ ግን፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ጠባሳው ግራ ጉንጩ ላይ ይታያል። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቀኙ ይመለሳል። ፊልሙ ተሠርቶ፣ ልጅ ወልደን፣ ልጁም ፂም ካወጣ በኋላ ይህቺ ዝናብ አገር አመሰች። የፊልሙ ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን "ቀዛፊው መንታ ወንድም አለው፤ በዝናብ የሚወጣው እሱ ነው" ይላል። ሌላኛው "ቀዛፊው አንድ ነው፤ ሲያዝን ጠባሳው ቦታ ይቀይራል" ይላል። ሁለቱም ማኅበር አላቸው፤ ሁለቱም ማኅተም አስቀርጸዋል።

ልጃችን መንታ ባይ ነበር። የወደዳት ልጅ አባት የአንድ ባዮች ሊቀ መንበር ባይሆን ኖሮ ይህም ባልከፋ። ሰውየው ሰዓት ሠሪ ነው። "ልጄን ለመንታ ባይ አልድርም!" ብሎ ቁርጡን ነገረው። ልጃችን እህል ውሃ አልቀምስ አለ።

"እማ፣ አንቺ እኮ ነሽ የቀባሽው" አላት። "መጥተሽ ንገሪያቸው። መንታ መሆኑን ካንቺ ከሰማ እሺ ይላል።"

"መንታ ባይሆንስ?"

"ነው!"

"የቀባሁት እኮ እኔ ነኝ።"

"ለዚያ እኮ ነው የምልሽ!"

ሰዓት ሠሪው የሚኖረው ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ሰዓት ነው፤ ሁለቱ እንኳ አይስማሙም። በሩ አጠገብ መቅዘፊያዎች ከጃንጥላዎች ጋር ተደግፈዋል። ሰዓት ሠሪው የቀዛፊውን ካባ ለብሶ፣ ቀኝ ጉንጩ ላይ በሊፒስቲክ ጠባሳ ሥሎ ጠበቀን። የማኅበሩ አባላትም እንደዚያው። ልጃችን ደግሞ የግራውን ሥሎ መጥቷል። እኔ ሙሉ ልብስ ነበር የለበስኩት፤ ከሁሉም ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ሻይ ይዛ ገባች።

"አባዬ፣ ጠባሳህ ወደ አንገትህ እየወረደ ነው።"

"ዝም በይ! ከባድ ጉዳይ ላይ ነን።"

"ቀዛፊው አንድም ይሁን ሁለት፣ እኔ የምፈልገው ባል አንድ ነው" አለችና ሻዩን አደለች።

ሰዓት ሠሪው ወደ ባለቤቴ ዞረ። "እመቤቴ፣ ይናገሩ።"

ባለቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ያ ጠባሳ መስመር የለውም፤ በቀለም ብቻ ነው የሚወጣው። እያየን የምንቀባበት ናሙና ከፊት ስለሚሣል እኛ በሐሳባችን እየገለበጥን እንቀባ ነበር። አንድ ቀን አለቃችን ላግዛችሁ አለና ናሙናውን ራሱ ገልብጦ ሰቀለልን። ለእኔ የነገረኝ የለም። እንደ ልማዴ እንደገና ገለበጥኩት። ሲደርሱበት የዝናቡ ክፍል ተቀርጾ አልቋል።"



"ምን ማለት ነው?" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ስሕተት ነው። መንታም የለም፤ ሐዘንም የለም።"

ሰዓት ሠሪው ብድግ አለ። "እርስዎ ምን ያውቃሉ? የቀቡት እኮ ከጀርባው ነው! ፊቱን መቼ አዩት?"

"እውነቱን ነው፣ እማ" አለ ልጃችን። "ቀባሽው እንጂ መቼ ተረዳሽው?"

ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃችንን ትክ ብሎ አየው።

"አንተ ልጅ፣ መንታ ማለትህ ድፍረት ነው። ስሕተት ከማለት ግን ይሻላል።"

"ሐዘን ማለትም ከስሕተት ይሻላል፣ አባባ።"

ተቃቀፉ። በቀኝም በግራም ተሳሳሙ። ሲለያዩ ሁለቱም በሁለቱም ጉንጫቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው።

"ልጄን ፈቅጄልሃለሁ" አለ ሰዓት ሠሪው እንባውን እየጠረገ። "ግን እናትህ ቀዛፊውን ይቅርታ ይጠይቁ።"

የቀዛፊው ሥዕል በሰዓቶቹ መካከል ተሰቅሏል። ባለቤቴ በሥራዋ የምትደራደር ሴት አልነበረችም፤ አለቃዋን እንኳ ይቅርታ ስትጠይቅ አላየሁም። ልጃችንን አየችው። የከሳው አንገቱ በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ሲዋኝ እኔም አየሁ። ተነሳች፤ ቀሚሷን አስተካከለችና ሥዕሉ ፊት ቆመች።

"ለአንዱ ነው ለሁለቱ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

እግሯን ረገጥኳት።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ" አለች ለሥዕሉ። "ክፉ አስቤ አይደለም።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የሠርጉ ቀን እዚያው ተቆረጠ። ልጅቷ ባለቤቴን ወስዳ ከጎኗ አስቀመጠቻት፤ እስክንወጣም እጇን አልለቀቀችም።

በኋላ ባለቤቴ ስትታመም ያቺው ልጅ ነበረች ፀጉሯን የምታበጥርላት። ልጃችንና አማቱ ሊጠይቋት ይመጡና የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስለ ዝናቡ ይጨቃጨቃሉ። ነርሷ ተቆጥታ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና፣

"ተይው፣ ክፍት ይሁን" ትላት ነበር።