ጆሮዬ ሲጮህ ሐዋን ጠረጠርሁ

መጀመሪያ የሰማሁት ቆሮሶ አሳ እየፋቅሁ ነው። አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ገባ። ሬዲዮኑ ጣቢያ የለቀቀ መስሎኝ «ኧረ ዝጉት!» አልሁ። ሬዲዮኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም።

ሐይቅ ከተማ፣ መንገድ ዳር፣ ከሐዋ ጋር አሳ ጠብሰን ስንሸጥ አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። በኔ ማኅበርም በሷ ሰደቃም ሽንኩርት የምንከትፈው አብረን ነው።

ጩኸቱ አልሄደም። እኛ ቤት ግራ ጆሮ ከጮኸ ሰው ስምሽን በክፉ እያነሳ ነው ይባላል። ለአንድ ቀን ቢሆን ስቄ ባለፍሁት። ሦስት ሳምንት ሲሆን ግን ማን ነው ይህን ያህል የጨከነብኝ ማለት ጀመርሁ። ገመናዬን የምታውቅ ሐዋ ብቻ ናት። በዚያ ላይ አንድ ቀን ባለቤቴን ጥግ ይዛ ስታወራው አየኋት። ስጠጋ ዝም አለች። ለኔ ይህ በቂ ነበር። መጥበሻውን ትቼ ቤቴ ገባሁ፤ ሰው ልካ ብታስጠራኝም አልወጣሁም።

ቤት ውስጥ ባሰብኝ። ጸጥታው ውስጥ ጩኸቱ ብቻውን ቀረ። እንቅልፍ ጠፋ። ፊቴ በድንገት ይግላል። ላብ ያጠምቀኛል። የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀርቶ በአንዴ ይወርድብኛል። ጤና አዳም በዘይት አሙቄ ጆሮዬ ውስጥ ጠብ አደረግሁ። አቃጠለኝ። አለቀስሁ። ማበዴ ነው ብዬ ፈራሁ።

ባለቤቴ በግድ ደሴ ወሰደኝ። ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ጆሮዬን አየ፣ ዘይቱን አጸዳ፣ መስማቴን ለካ፣ የደም ግፊትና የደም ማነስ አስመረመረኝ። ከዚያ «የወር አበባዎ እንዴት ነው?» አለኝ። ለጆሮ መጥቼ! ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔም ነገርሁት።

«ጩኸቱ ቲኒተስ ይባላል፣ እናቴ» አለኝ። «ያሉበት ጊዜ ደግሞ ፔሪሜኖፖዝ ነው፤ ወደ ማረጥ መሸጋገሪያው። ሆርሞን ከፍ ዝቅ ሲል፣ እንቅልፍም ሲጠፋ፣ ጩኸቱ ሊጎላ ይችላል። ከዚያ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። የሚያጠፋው ክኒንም የለኝም። ግን ጸጥታ ውስጥ አይቀመጡ፤ ጆሮዎ ሌላ የሚሰማው ነገር ይኑረው።»

«ሰው ስሜን እያነሳ አይደለም ማለት ነው?» አልሁት።

አልሳቀብኝም። «ጆሮ ያንን አያውቅም» አለኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ባለቤቴን ያን ቀን ሐዋ ምን እንዳለችው ጠየቅሁት። «ጆሮሽን ስትይዢ አይታ ሐኪም ቤት እንድወስድሽ ስትለምነኝ ነበር። እንዳትደነግጥ አትንገራት ብላኝ ነው» አለኝ። ሐፍረቱ ከጩኸቱ በለጠብኝ።

ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ወደ ሐዋ ሄድሁ። ብቻዋን ሁለት መጥበሻ ይዛ ተወጥራለች።

«አውፍ በይኝ፣ ሐዋዬ። ታሚኛለሽ ብዬ ነው የጠፋሁት።»

«ወላሂ አምቼሻለሁ!» አለች፣ ዓይኗን ከዘይቱ ሳትነቅል። «ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ጥላኝ ሄደች እያልሁ ለመጣው ሁሉ ስናገር ነው የከረምሁት። በይ አውፍ ብያለሁ፤ አብሽሪ። ያንን አሳ ገልብጪ፣ ሊያርብሽ ነው።»

ገለበጥሁት። ዘይቱ ሲንጨረጨር፣ ባጃጁ ሲያልፍ፣ ሐዋ ከደንበኛ ጋር ስትሟገት፣ ጩኸቱ ከሌሎቹ ድምፆች እንደ አንዱ ሆኖ ወደ ኋላ ቀረ። ቡና ከቀትር በኋላ ተውሁ፣ ስተኛ ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እየሄድሁ አሳ አጥማጆቹን እጠብቃለሁ፤ እንቅልፌም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጩኸቱ ዛሬም አለ። ግማሽ ቀን ሳላስታውሰው የምውልበት ጊዜ ግን ብዙ ነው።

እህቶቼ፣ ጆሯችሁ ውስጥ ምንም አታንጠብጥቡ። በተለይ በአንድ ጆሮ ብቻ ከጮኸ፣ መስማት ከቀነሰ ወይም ካዞራችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ በሐኪም ታዩ። የወር አበባችሁንም ነገር ለጆሮ ሐኪም ከመናገር አትፈሩ።

ሐኪሙንና ባለቤቴን አመሰግናለሁ። ለሐዋ ግን ከምስጋና በፊት የምለው አለኝ። በእነዚያ ሁለት ወራት ለእህቴም ለጎረቤቶቼም ሐዋን ክፉ ሴት አድርጌ አውርቻለሁ። የሌለ ነገር ጨምሬባታለሁ። ይህን በአፌ ልነግራት አልቻልሁም። እሷ ማንበብ ስለማትችል ይህን ጽሑፍ ልጇ ታነብላታለች፤ እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ።