እጅህን ሳታነሣ ተከራከር

የመጀመሪያውን የሥራ ቀኔን የማስታውሰው በትከሻዬ ነው። ከይጁቤ በላይ ካለው ተረተር አንድ የቆሰለ አርበኛ ለአራት ሆነን በቃሬዛ ተሸክመን ስንወርድ እንጨቱ ቆዳዬን ላጠው። ሸለቆው ውስጥ ከዋሻው አፍ ላይ አንድ ሽበታም ሰው እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጠብቁን ነበር። የአካባቢው ወጌሻ አያ ምትኩ ናቸው። እንደምን ዋላችሁም አላሉን።

«አንተ ቀጭኑ፣ እግሩን ያዝ። ፊትህን አታዙር» አሉኝ።

ያዝኩ። ጥይቱን በወረንጦ እስኪያወጡት ድረስ ፊቴን አላዞርኩም። ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ ስሜን ጠየቁኝ፤ አላምረው እንደምባል ነገርኳቸው። ምን እንደምሠራም ጠየቁ። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ በራሴ ግጥም እገጥማለሁ አልኳቸው።

«እሱንስ ማን ይከለክልሃል። ከዚያ ሌላስ?»

ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አንድ ቦታ ከሁለት ወር በላይ ተቀምጬም አላውቅ። ዋሻው ውስጥ ግን ጠላት እስኪወጣ ድረስ ቆየሁ።

ያን ጊዜ ጠላት ደብረ ማርቆስ ከተማ ምሽጉ ውስጥ ነበር፤ ተረተሩና ሸለቆው በአርበኞች እጅ ነበር። እኛ የምንታዘዘው ለአካባቢው አለቃ ለፊታውራሪው ነው። ጨርቅ የምንቀቅለው ጎሕ ሳይቀድ ነበር፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ጭስ ከታየ አውሮፕላን ይመጣል።

አሥር ቀን ያህል ሥራዬ ስልቻ መዳበስ ብቻ ሆነ። አያ ምትኩ የተሰባበረ ገል ስልቻ ውስጥ ይጨምሩና አፉን አስረው ይሰጡኛል። ስንት ስባሪ እንዳለ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ዓይኔን ጨፍኜ ከውጭ በጣቴ መፈለግ ነበረብኝ። ስሳሳት አይቆጡም። ስልቻውን ፈትተው ያሳዩኝና መልሰው ያስሩታል።

ሦስተኛችን እትዬ ጥሩነሽ ነበረች። ጠላት ሳይመጣ አዋላጅ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ቁስለኛ ማጠብ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። አዲስ ግጥም ባሰማኋት ቁጥር እስከ መጨረሻው ታዳምጠኝና «ጨርቁን ቀቅለኸዋል?» ትለኝ ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ቁስለኛ ሲመጣ መጀመሪያ አያ ምትኩ፣ ቀጥላ እትዬ ጥሩነሽ፣ በመጨረሻ እኔ ዓይናችንን ጨፍነን እንዳብሰዋለን። ከዚያ እያንዳንዳችን ጣታችን የነገረንን እንናገራለን። የሚታሰር ከሆነ በቅቤ ታሽቶ በቀርከሃ ይታሰራል። የሚቆረጥ ከሆነ ካራው እሳት ይገባል።

በሦስተኛው ወር ደጉ የሚባል ገበሬ ጭኑን ጥይት አልፎት መጣ። ቀልደኛ ነበር። አያ ምትኩ ከዓመት በፊት በሬውን ከስብራት እንዳዳኑለት እየነገረን «እኔም ከበሬዬ አላንስ» ይላል። አያ ምትኩ ዳበሱትና ንጹሕ ነው፣ ታጥቦ ይታሰር አሉ። እትዬ ጥሩነሽም ተስማማች።

ተራዬ ሲደርስ ከቁስሉ አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ስልቻው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመኝም። አያ ምትኩን ቀና ብዬ አየሁ። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ጣቴን አነሣሁና «እኔም እንደዚያው» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ደጉ ሞተ።

ከቀብሩ ማግስት ወንዝ ዳር ጨርቅ ስናጥብ ያን መንኮሻኮሽ ለአያ ምትኩ ነገርኳቸው። ሥጋው ከውስጥ ሲበሰብስ እንዲያ ይላል አሉኝና መቼ እንደተንኮሻኮሸ ጠየቁኝ። የመጣ ዕለት አልኩ። የያዙትን ጨርቅ ጨምቀው ሲያበቁ፣ ድንጋይ ላይ አስጥተው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ ጫፍ ከደነዘዘ ዓመት ሊሆነው ነው» አሉ። «ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ዝም ያልከው አክብረኸኝ ነው። እኔም ዝም ያልኩት ክብሬን ብዬ ነው። ደጉ በሁለታችን ክብር መሐል ሞተ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራው ተገለበጠ። መጀመሪያ የምዳብሰውም፣ መጀመሪያ የምናገረውም እኔ ሆንኩ። እሳቸው የመጨረሻ ሆኑ።

ይህ አበላሸኝ። የደጉ ነገር ስላቃጠለኝ በሁሉም ነገር መቃወም ጀመርኩ። ተራዬን ተናግሬ ካበቃሁ በኋላም እሰሩት ሲሉ ይቆይ፣ ይቆይ ሲሉ እሰሩት እላለሁ። ግጥም የሚወድ ምላስ ደግሞ ክርክር ሲያገኝ ይፈነጥዛል። ስከራከር የዋሻው ጠባቂዎች መጥተው ይሰሙኝ ነበር። እነሱ ሲስቁ ድምፄ ይጨምራል።

ለአርበኞች ስንቅ የምታቀብል ወርቄ የምትባል ሴት ገደል ወድቃ ቅልጥሟ ተሰብሮ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። እግሯ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። መጀመሪያ እኔ ይታሰር አልኩ፤ እትዬ ጥሩነሽ ግን እግሩ እየሞተ ነው፣ ሳይውል ሳያድር ይቆረጥ አለች። እኔ ከቃሌ አልወርድም አልኩ። ምክንያቴ ደካማ ስለነበረ ብድግ ብዬ ወደ ጠባቂዎቹ ዞርኩና ግጥም አወረድኩ፤

ቀርከሃ ያሰረው ነገ ይራመዳል፣
ቢላዋ የበላው ከየት ይወለዳል?

ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ። እትዬ ጥሩነሽ እንግዲያው በግጥምህ እሰራት አለችኝ። እኔም መለስኩላት። ስንጯጯህ ወርቄ ማልቀስ ጀመረች።

«ልጆቼ፣ እናንተ ስትጮኹ እኔን እግሬን ያመኛል» አለች።

አያ ምትኩ ተነሡ። አንጓዬን ይዘው ጎትተው አስቀመጡኝና መዳፌን ከወርቄ እግር ላይ አኖሩት።

«እጅህን ሳታነሣ ተከራከር» አሉኝ። «አንቺም እንደዚሁ።»

ግጥሙ እጄ ላይ ካለው ብርድ ጋር አብሮ አልሄድ አለ። መዳፌን ሳላነሣ ወደ ላይ ስገፋው ግን ብርዱ ስብራቱ ጋ እንደማያበቃ ታወቀኝ። እስከ ጉልበቷ ይዘልቃል። ስብራት ከላዩ ያለውን አያቀዘቅዝም። ይህን በዝግታ ለእትዬ ጥሩነሽ ነገርኳት። እሷም በተራዋ እስከ ጉልበቷ ዳበሰች። ከዚያ በላይ ወንዶቹ ባሉበት ማንም አልነካትም ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ወንዶቹን ሁሉ አስወጣችን።

ወርቄ ስትወድቅ ደሙን ለማቆም ከቀሚሷ ሥር ጭኗን በመቀነቷ አጥብቃ አስራ ኖሯል። አፍራ አልተናገረችም፤ እኛም አፍረን አልጠየቅንም። መቀነቱ ተፈታ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እግሯ ሞቀ። ቅልጥሟን በቀርከሃ አሰርነው፤ ዛሬ ትንሽ እያነከሰች ገበያ ትወርዳለች።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ይህ ሆነ። ሐሳብ ያለው ሰው ይናገራል፣ ሲናገር ግን እጁ ከሕመምተኛው አይነሣም። ድምፅህን ከፍ ካደረግህ ክንድህ ይንቀጠቀጣል፣ ሕመምተኛው ያቃስታል፣ አንተም ዝቅ ትላለህ። ለማስጨብጨብም አይመችም፤ ጀርባህ ለተመልካች ነው።

አንድ ቀን ፊታውራሪው መጥተው ሦስታችንም አንድ ወጣት እግር ላይ ጎንበስ ብለን ስንከራከር አገኙን። ቁስለኞቹ ከቀትር በፊት ወደ ሌላ ቦታ እንዲነሡ ይፈልጋሉ። በትዕግሥት ቆሙ፣ ኋላ ግን ታከታቸው። እሳቸው በአንድ ቃል ስንቱን ሰው እያዘመቱ፣ እኛ ሦስት ሆነን በአንድ እግር አለመስማማታችን ምን ይሉታል ሲሉ ጠየቁ።

አያ ምትኩ ቀና ሳይሉ «ይህ እግር አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ጌታዬ፤ ከተቆረጠ አይተካም» አሉ።

ፊታውራሪው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጠበቁን።

አሁን ወደ አያ ምትኩ ክንድ ልምጣ። አንድ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ያለ ቁስለኛ ለማየት ሜዳውን ሲያቋርጡ አውሮፕላን ደረሰባቸው። ቦምቡ ርቆ ወደቀ፤ ፍንጣሪው ግን ቀኝ ክንዳቸውን ከክርን በታች ገባው። ብረቱን አወጣነው። በሦስተኛው ቀን ክንዱ አበጠ፣ ትኩሳቱ በረታ።

«ከክርን ላይ ቁረጡት» አሉ። «ጥሩነሽ፣ ካራውን እሳት ጨምሪው።»

ገና አልዳበስንም አልኳቸው። እሳቸው በግራ እጃቸው ዳብሰው ጨርሰዋል።

«በደንቡ ታናሽ ነው የሚጀምረው» አልኩ።

ትኩር ብለው አዩኝና ክንዳቸውን ሰጡኝ።

እብጠቱ ክርናቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣታቸው ቀዝቅዘዋል። የቀሩትን ሦስት ጣቶች ጥፍር ስጫን ግን ደሙ ይሸሽና ይመለሳል። መዳፋቸው ሙቅ ነው። ክንዱን ከላይ እስከ ታች በዝግታ ሄድኩበት። ይቆይ አልኩ።

እትዬ ጥሩነሽ ትከሻቸውን ይዛ ይቆረጥ አለች። «ነገ ድረስ ብንጠብቅ ወደ ላይ ይወጣል። ትከሻ አይቆረጥም። ክንዱን እናተርፋለን ስንል እሳቸውን እንዳናጣ።» ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ እጇ ግን አልተነሣም።

ሁለት ለአንድ ነው፣ ጨርሱ አሉ አያ ምትኩ። እኔ አይሆንም ስል ድምፄ አመለጠኝ፤ ጥርሳቸውን ነከሱ። ዝቅ አልኩ።

«አላምረው፣ የሚናገረው ጣትህ ነው ወይስ ልብህ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚያምር መልስ መፈለግ እችል ነበር። መዳፌ ግን መዳፋቸው ላይ ነበር።

«ለይቼ አላውቀውም፣ አያ። ግን ያ ቅጠል የለም። የደጉን ቅጠል ጣቴ አይረሳውም። እዚህ የለም።»

እትዬ ጥሩነሽ ዓይኗን ጨፍና እኔ በሄድኩበት መንገድ እንደገና ሄደች። ሁለት ጊዜ ተመላለሰች።

«እውነቱን ነው፣ የለም» አለች። «ትኩሳቱ ግን አለ።»

ከምድጃው ዳር ከሰል አነሣችና እብጠቱ ባበቃበት ላይ ክንዳቸውን ዙሪያውን አሰመረችው። «ከዚህ መስመር ካለፈ የዓለምን ግጥም ብታወርድ አልሰማህም። እቆርጣለሁ።»

«ካለፈ እኔ እይዝልሻለሁ» አልኩ።

«እኔን የሚጠይቀኝ የለም?» አሉ አያ ምትኩ።

«እርስዎ ሕመምተኛ ነዎት» አለቻቸው።

ቁስሉን እንደገና ከፈትነው። ከሥሩ የባቄላ ፍሬ የምታህል የእጅጌያቸው ቁራጭ ወጣች፤ ተከትሎ መግሉ ፈሰሰ። ከዚያ እየተፈራረቅን ስንዳብስ ዋልን። ቀትር ላይ እብጠቱ መስመሩን ነካ። እትዬ ጥሩነሽ ካራውን እሳት ጨመረችው። ቃሌ ነውና ተነሥቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። ጎንበስ ብላ መስመሩን አየች፣ በጥፍሯ ለካች፣ ቀና አለች።

«ነክቷል። አላለፈም» አለችና ካራውን አወጣችው።

ልትቆርጥ ብትፈልግ አልፏል ማለት ይበቃት ነበር። እኔ መስመሩን ለማየት ድፍረት አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት በመስመሩና በእብጠቱ መሐል አንድ ጣት የሚያገባ ቦታ ነበር። ክንዱ ተረፈ። ሁለቱ የቀዘቀዙ ጣቶች ግን ጠቆሩ። በስድስተኛው ቀን እትዬ ጥሩነሽ ቆረጠቻቸው፤ እኔ ያዝኩ።

አሁን ጠላት ወጥቷል፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ነኝ። በገበያ ቀን ይጁቤ ወርጄ ሁለቱን እጠይቃቸዋለሁ። አያ ምትኩ በሦስት ጣት ስልቻ እያሰሩ ሌሎችን ያስተምራሉ። እትዬ ጥሩነሽ ባየችኝ ቁጥር ያን ዕለት ቆርጠን ቢሆን ኖሮ ስድስት ቀን ባልተሰቃዩ ትለኛለች። እኔም እመልስላታለሁ። ክርክሩ አላለቀም። ስትናገር ክንዳቸውን ይዛ ነው፤ እኔም በሌላው በኩል እይዛለሁ፤ እሳቸው መሐላችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ።

ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው። ዝምታዬ አንድ ሰው ገድሏል፤ ለማሸነፍ ስከራከር ደግሞ አንዲት ሴት እግሯን ልታጣ ነበር። የጠቀመን የተጎዳውን ሰው ይዘን የተከራከርነው ነው።