ለናቲ ጠመንጃ ልንገዛ የሄድን ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ለልጄ ጠመንጃ ልንገዛ ሄድን... አዎ፣ ጠመንጃ። ስድቡን ትንሽ አቆዩልኝና ልጨርስ።

ባለቤቴ ማርክ ፈረንጅ ነው። ያደገው ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን የስድስት ሰዓት መንገድ፣ ከሰው ይልቅ አጋዘን የሚበዛበት ቦታ ነው። በነሱ ቤት ልጅ አስር ዓመት ሲሞላው አባቱ ይዞት ሄዶ የመጀመሪያ ጠመንጃውን ያስመርጠዋል። ማርክን አባቱ፣ አባቱን ደግሞ አያቱ። የኛ ናቲ ባለፈው ወር አስር ሞላው። ማርክ «የሚቆለፍበት ሣጥን ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ሲተኩስም ከጎኑ አልለይም፣ የሚመታውም ጣሳ ነው» እያለ ስንት ጊዜ ለመነኝ።

እኔ ከባሌ ጋር ፊት ለፊት መጨቃጨቅ አልወድም። ተንኮል አሰብኩ። አባዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሳቸው እምቢ ይሉልኛል አልኩ። ስፖንሰር አድርጌ ከአገር ቤት ካመጣኋቸው ሁለት ዓመታቸው ነው። ማርክም ደስ አለው፤ የገጠር ሰው ስለሆኑ ጠመንጃ ሳይወዱ አይቀሩም ብሎ። ሁለታችንም በሳቸው ተማምነን ወጣን።

የኤግሊንተን ዌስት መንገድ ቁፋሮ አርባ ደቂቃ በላብን። መኪና ውስጥ ነገሩን ስነግራቸው «ለዚህ?» ብለው ናቲን አዩት።

ሱቁ ግማሹ የዓሣ መንጠቆና ቦት ጫማ ነው፣ ግማሹ ጠመንጃ። የልጆቹ ለብቻው ተደርድሯል። ሮዝ ሁሉ አለ... እውነቴን ነው፣ ሮዝ ጠመንጃ። ናቲ ሰማያዊዋን አየና ዓይኑ እዚያው ቀረ።

ሻጩ ሽበታም፣ ትሁት ሰውዬ ነው። ጠመንጃዋ ባዶ መሆኗን ሁለቴ አሳየንና የናቲን ክንድ አጠፈው። ሰደፉን ክርኑ መታጠፊያ ላይ አድርጎ ጣቱ ቃታው ጋ ይደርስ እንደሆነ ያያል።

«ምን እያደረገው ነው?» አሉ አባዬ።

«ልኩን እያየ ነው። ጠመንጃው እንዳይረዝምበት።»

«ጠመንጃውን ነው በልጁ የሚለካው?»

«አዎ አባዬ።»

«ልጁን በጠመንጃው አይደለም?»

ጥያቄው አልገባኝም።

ሻጩ ሁለት አወጣ፣ አጭርና ረዘም ያለ። ናቲ እንደ ልማዱ ትከሻውን ጥሎ ጎብጦ ቆሟል። ጌም ላይ ተደፍቶ እየዋለ ነው እንዲህ የሆነው። እኔም ቤት ውስጥ በቀን አስር ጊዜ የምለውን አልኩት።

«ናቲ፣ ቀጥ ብለህ ቁም።»

አባዬ መቼ እንደተጠጉ አላየሁም። ሁለት እጃቸውን የናቲ ትከሻ ላይ አድርገው ወደ ታች ይጫኑታል። «ጎንበስ በል ልጄ... ጎንበስ በል፣ እሺ በለኝ» ይላሉ።

«ማሚ፣ ዋትስ ሮንግ ዊዝ አባባ?» አለ ናቲ።

ሻጩ ጠመንጃዎቹን ወደ ኋላ አራቃቸው። እኔና ማርክ ደግፈን ቦት ጫማ የሚለካበት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም። እዚያው፣ የጫማ ካርቶን መሃል ነገሩኝ።

የኔ ታላቅ ወንድም ሙሌ በጦርነቱ ዘመን ሲሄድ አስራ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ስድስት። አልተመለሰም። ወዶ ዘመተ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት።

ወዶ አልነበረም። መልማዮቹ የአካባቢውን ልጆች ሜዳ ላይ ሰብስበው፣ ጠመንጃ ከነሳንጃው መሬት ላይ አቁመው አንድ በአንድ ያስጠጓቸዋል። ከሳንጃው ጫፍ የበለጠ ይሄዳል፣ ያነሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የልደት ወረቀት ማን ነበረው። እማዬ ሙሌን የአባዬን ትልቁን ካፖርት አልብሳ፣ «ከውስጥ ጉልበትህን እጠፍ፣ አንገትህን ቅበር» ብላ መክራ ነበር የላከችው። ለአባዬ ግን አልነገረቻቸውም። ማታለል ስለማይወዱ ፈራቻቸው።

«ተራው ደረሰ» አሉ አባዬ ወለል ወለሉን እያዩ። «ጎብጦ ቆመ። ሰው ሁሉ ያያል። እኔ ልጄ ሰው ፊት ሲጎብጥ አልወድም... ታውቂኛለሽ።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ቀጥ ብለህ ቁም አልኩት።»

ያልጠጡትን ውሃ ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ ከቃሌ ወጥቶ አያውቅም። ቀና አለ። በሁለት ጣት በለጠ።»

እማዬ እስክትሞት ድረስ ለአባዬ ምግብ አቅርባ ዞር ትላለች እንጂ አብራቸው አትበላም ነበር። እኔ እኮ አክብሮት ይመስለኝ ነበር።

እዚያ ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ለሙሌ ይሁን ለአባዬ አላውቅም። የባሰብኝ ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በኔ ቤት፣ በኔ አፍ፣ ያንን ቃል በቀን አስር ጊዜ ሲሰሙ ኖረዋል። አንድ ቀን እንኳን ተይ አላሉኝም።

ማርክ የምንነጋገረው ባይገባውም አልጠየቀም። ሻጩን አመስግኖ ሰማያዊዋን መለሰ። እኔ ናቲ ያኮርፋል ብዬ ፈርቼ ነበር... አያቱን እጃቸውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ መኪናው ወሰዳቸው።

እምቢ እንዲሉልኝ ነበር የወሰድኳቸው። አሉልኝ።

ይሄን ስጽፍ ናቲ ሶፋው ላይ፣ አያቱ ጎን ጌም እየተጫወተ ነው። ወገቡ ለሁለት ታጥፏል። ቃሉ አፌ ላይ መጣ... ዋጥኩት።

ይጉበጥ ልጄ።