ሞተሩ ዝም ያለ ጊዜ

ከከተማው የመጣው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። አባቴ እንግሊዝኛ ማንበብ ይችላል፤ ነገር ግን ከመንግሥት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በእኔ በኩል እንዲያልፍ ይፈልጋል። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሁለቴ አነበብኩትና ነገሩን ባጭሩ ነገርኩት። ኦክላንድ ውስጥ በቤንዚን የሚሠራ ብሎወር ክልክል ነው። ብሎወር የምንለው አትክልተኞች በጀርባቸው አዝለው ቅጠል በንፋስ የሚጠርጉበትን ማሽን ነው። አንድ ሰው አባቴ ሲሠራበት አይቶ ለከተማው አመልክቷል። ለጊዜው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ግን በባትሪ የሚሠራውን መያዝ አለበት።

"ባን ካደረጉት እኮ ቆየ፣ አባዬ" አልኩት። "ሁሉም ቀይሯል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ዝም ያለ ማሽን ምን ያደርግልኛል?" አለና ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የሽማግሌ ግትርነት መሰለኝ። አባቴ ሳን ሊያንድሮ ካለው አፓርታማችን እየተነሣ ኦክላንድ ኮረብታ ላይ ያሉ ሰዎችን ጓሮ መንከባከብ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እኔ ፒካፑ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ እቀመጣለሁ። ያ ማሽን ሲነሣ የመኪናው መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ አንዳንድ ቀን ዓይኑ እርጥብ ይሆናል፤ ፊቱ ግን ሲሄድ ከነበረው ይልቅ ይፈካል። አቧራው ነው እያልኩ አደግሁ።

አባቴ ዝምተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ጫማ ከሚደረደርበት መደርደሪያ አጠገብ ይቆማል። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብቶ ዜማ ይማር እንደነበረ፣ ዘመኑ ሲከፋ ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን እንደወጣ የሚያውቁ አሉ። በበዓል ቀን ከመዘምራኑ አንዱ ይጠሩታል። "ና እንጂ ወንድማችን! መቋሚያ ያዝና እርዳን!" እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ረስቼዋለሁ፣ አባቶች" ይላል። እኔም ረስቶታል ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት የተረፈው አንድ ሕግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማባዛት ስማር መሐል ላይ ከተደናቀፍኩ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። "የኔታ ያቋረጠን ሰው ከመጀመሪያው ነው የሚያስጀምሩት" ይለኛል። "ከመሐል የሚቀጠል ዜማ የለም።" ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔም የእሱ ልጅ ነኝ። ሳን ሆዜ የምሠራበት ቢሮ ስብሰባ ሲኖር የምናገረውን አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። አስተካክዬ ስጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። ከቤት በምሠራበት ቀን ደግሞ ማይክራፎኔን ዘግቼ መልሱን ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ። ያን ጊዜ አንድም ቃል አይደናቀፍብኝም።

አዲሱ ማሽን የመጣ ዕለት ከሱዳን ጀምሮ ጓደኛው የሆነው፣ ታክሲ የሚነዳው ጋሼ ቤታችን ነበር። ካርቶኑን እሱ ነው የከፈተው።

"ይሄ ምንድን ነው? የፀጉር ማድረቂያ አዘዝክ እንዴ?"

"ብሎወር ነው" አለ አባቴ።

"ብሎወርማ ሰፈር ነበር የሚያናጋው! ይሄንን ለልጅህ ስጣት፣ ለሠርግ ስትጠራ ፀጉሯን ትተኩስበት።"

"ጋሼ፣ ኃይሉ እኮ እኩል ነው" አልኩ።

"ኃይልማ ይኑረው፣ የኔ ልጅ። ሳይጮህ የሠራን ሰው ግን ማን ሠራ ይለዋል? እኔ እንኳ ስነዳ ዝም ካልኩ ተሳፋሪው ቲፕ አያደርግም።"

እኔና ጋሼ ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። ባትሪውን አንሥቶ እንደ እንግዳ እንስሳ አገላበጠውና ለእኔ ሰጠኝ። "የቻርጁን ነገር አንቺ ያዢልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሽኝ ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ይሄ ነገር መሐል ላይ ቢያስቸግረኝ አላውቅበትም።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ የሄድነው አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቤት ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ቁልቁል የባሕሩን ሰላጤ ያያል፤ ጓሮው ውስጥ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ትልቅ ዛፍ አለ። አባቴ ማሽኑን አዘለ። ከዚያ ሃያ ዓመት እንደለመደው ሁለት ጆሮውን እንደ ጽዋ የሚደፍነውን ትልቅ የጆሮ መሸፈኛ አጠለቀ። ለዚህኛው አያስፈልግህም ልለው አፌን ስከፍት በሩን አልፎ ገብቶ ነበር።

እኔ ፒካፑ ውስጥ ቀርቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ማሽኑ ተነሣ፤ ከሩቅ የሚነፍስ ንፋስ ይመስላል፣ ከዚያ አይበልጥም። ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው በስልኩ ቅዳሴ የከፈተ መሰለኝ። በዚያ ሰፈር ግን ቅዳሴ የሚከፍት ማን አለ? ወረድኩና የአጥሩን በር ገፋ አደረግኩት።

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር፤ ድምፁ የእሱ ነበር። ዝቅ ብሎ ጀመረ። አንዲት ቃል ይዞ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፏ ላይ አንቀጠቀጣት፣ ከዚያ ሳይቸኩል ደረጃ በደረጃ አወረዳት። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ደረት ይወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ስጠራው እንኳ "አቤት" የሚለኝ በሹክሹክታ ነው። የማሽኑን ቱቦ ደግሞ መዘምራን መቋሚያቸውን እንደሚያወዛውዙት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ በዜማው ልክ ያወዛውዘዋል። ቅጠሉም አብሮት ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ እንደ ማዕበል ተነሥቶ ይወድቃል፣ ወደ ግራ ተነሥቶ ይወድቃል።

ያን ጊዜ ገባኝ። በልጅነቴ የማየው እርጥብ ዓይኑ ከአቧራ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየጓሮው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ሲያዜም ኖሯል። ማሽኑ የጮኸለት አባቴን ማንም እንዳይሰማው ነበር። ይሄኛው ዝም ያለ ነው ሲባል ቢሰማም፣ ከመሸፈኛው ሥር የድሮውም ጩኸት የሚሰማው አነስ ብሎ ስለነበር፣ አሁንም ሞተሩ የሸፈነው መስሎታል።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። አሮጊቷ ባዶ እግራቸውን ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"አባትሽ ናቸው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እሳቸው የሚመጡበትን ቀን መስኮት ሁሉ ዘግቼ ነበር የማሳልፈው። ለዓመታት! ይህ ነበር እንዴ እዚያ ውስጥ?"

"እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።"

"ሄጄ ልንገራቸው? ምን ያህል እንደ..."

"እባክዎ አይንገሩት" አልኳቸው። "ከተሰማ ያቆማል።"

መልሱ እንዴት እንደዚያ ቶሎ ከአፌ እንደወጣ እኔንም ገረመኝ። አሮጊቷ መስኮቶቻቸውን አንድ በአንድ ሊከፍቱ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ማለዳ ከቤት ስንወጣ "ጆሮ መሸፈኛህን አትርሳ" እለዋለሁ፤ እሱም ስለ ጤናው የተጨነቅሁ መስሎት "ጎበዝ ልጅ" ይለኛል። እፍረት ይሰማኝ ነበር። ቢሆንም ጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስሰማው እፍረቱ ይጠፋብኛል። አንድ ቀን ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ውሻው ገመዱን እየሳበ፣ እስኪያልቅ ሰማ። ለከተማው ያመለከተው እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ዋዜማ ንፋስ ነፍሶ ዛፉ ያለውን ሁሉ አራግፎት ነበር። ሥራው ከሌላው ቀን እጥፍ ነው። እኔ ደግሞ አንዱን ባትሪ ቻርጅ አድርጌ ሁለተኛውን መሰካት ረስቻለሁ። መርሳቴን ያወቅሁት እዚያ ከደረስን በኋላ ነው፤ ምናልባት ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ።

አልበቃም። አባቴ አንዲት ረጅም ቃል ይዞ እየወጣ ሳለ፣ ልክ ጫፉ ላይ ሳይደርስ፣ ማሽኑ ሞተ። ንፋሱ ቆመ፣ ቅጠሉም ተቀመጠ። ድምፁ ብቻውን በአየር ላይ ቀረ። ለጥቂት ጊዜ ሳያውቀው ቀጠለ። ቱቦው እንደማይነፍስ ሲያይ ግን ቆረጠውና የጆሮ መሸፈኛውን አወለቀ። ዘወር ሲል እኔን ደረጃው ላይ፣ አሮጊቷን በራቸው ላይ አየን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አሮጊቷ አላጨበጨቡም።

"ምን ሆነ?" አለኝ።

"ባትሪው አለቀ።"

የጆሮ መሸፈኛውን አየው። ጆሮው ላይ አደረገው፣ አነሣው፣ መልሶ አደረገው፣ አነሣው።

"ይሄ ማሽን ምን ያህል ነው የሚጮኸው?"

"ብዙም አይጮህም፣ አባዬ።"

"እኮ ምን ያህል?"

"እንደ ቤታችን ማራገቢያ።"

መሬት መሬቱን አየ። "ሁሉንም ቅዳሜ ሰማሽ?"

"አዎ።"

በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ። "እሳቸውስ?"

"እሳቸውም።"

"ሌላውን ባትሪ አምጪ።"

"ቻርጅ አላደረግሁትም።"

ማሽኑን ከጀርባው አውርዶ ሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ ከፒካፑ ሬኩን፣ ባለ ረጅም እጀታ የቅጠል መቧጠጫውን፣ አምጥቶ ቅጠሉን በእጁ መሰብሰብ ጀመረ። የብረቱ ጥርስ መሬቱን ሲቧጥጥ ብቻ ይሰማል። ፊቱን አየሁት። ቤተ ክርስቲያን ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ሲቆም የሚይዘው ፊት ነበር። አሮጊቷ ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም።

ያ ድምፅ ሊጠፋ እንደሆነ አወቅሁ። ሌላ ጓሮ ሄዶም አያዜምም፤ ከዛሬ በኋላ የሚደበቅበት ሞተር የለውም። ምን እንደምለው በልቤ መጻፍ ጀመርኩ። እንዲህ ልበል፣ አይ እንዲህ ይሻላል። እየጻፍኩ ሳለ ሬኩ ግማሹን ጓሮ ጨረሰ። አስተካክዬ እስክጨርስ እንደማይጠብቀኝ ሲገባኝ ተነሣሁ።

"አባዬ፣ አቋርጠኸዋል እኮ" አልኩ።

ሬኩ ቆመ። "ምኑን?"

"ዜማውን። ከመሐል ነው የተውከው።"

"እና?"

"እናማ የኔታ ቢሰሙ ምን ይሉሃል?"

ቀና ብሎ አየኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። "እኔ ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ልጄ" አለ ቀስ ብሎ። "ከየኔታ ቤት ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ያልጨረሰ ሰው ከጨረሱት መሐል አይቆምም።"

"እዚህ ማን የጨረሰ አለ? እኔ ነኝ ያለሁት። እኔን ደግሞ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ተደናቅፌ ከመጀመሪያው አስጀምረኸኛል፤ ከመሐል ልቀጥል ብዬ ለምኜህ እንቢ ብለሃል።"

ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

"ሃምሳ ስድስት" አለ።

"ሃምሳ ስድስት" አልኩት።

ዛፉን አየ፣ ክፍቱን በር አየ፣ ማሽኑን አየ። ከዚያ ሬኩን አቆመና የእጀታውን ጫፍ ብብቱ ሥር አስገብቶ እንደ መቋሚያ ተደገፈበት። እንደዚያ ሲቆም ሌላ ሰው ሆነብኝ፤ ወይም እስከ ዛሬ ያላየሁት እሱ ራሱ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

ከመጀመሪያው ጀመረ።

ያለ ሞተር ድምፁ አነስ ይላል፤ እርጅናም አለው። አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀበት። ቆሞ ትንፋሽ ወሰደና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፤ ማንም ሳያዘው። ከዛፉ የቀሩት ቅጠሎች በጠረገው መሬት ላይ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። አንዱ ትከሻው ላይ አረፈ፤ አላራገፈውም። ከታች፣ ከሰላጤው በኩል፣ የባቡር ድምፅ መጥቶ አለፈ። አሮጊቷን አላየኋቸውም፤ ከክፍቱ በር ጀርባ ግን ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

ድምፁ እየወጣ ባትሪው ካለቀባት ቃል ጋ ደረሰ። ጫፏ ላይ አንቀጠቀጣት፣ ደረጃ በደረጃ አወረዳትና አለፈ። ዜማው ከዚያ ወዲያም ገና ብዙ ነበረው፤ አንዱንም ሰምቼው አላውቅም።