ሁለት ባትሪ ለአንድ ኹጥባ

ኡሙሃኒ የባሏን እጅ ከነሽቦው ያዘችው።

«ቆይ! ድምፅ ማጉያውን ልታቃጥለው ነው።»

ዘይኑዲን ጡብ የሚያካክሉ ሁለት ባትሪዎች ሣሩ ላይ አስቀምጦ፣ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ሊያገናኝ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀኑ እ.ኤ.አ. የ1994 አረፋ፣ ቦታው አሜሪካ፣ ብሩክሊን ፓርክ ከተማ ውስጥ መብራት ያልገባለት ሜዳ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ባትሪ ብቻ ነበራቸው። የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ከኢማሙ አጠገብ የነበሩት ወንዶች ሰሙ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዘንድሮ ሁለተኛ ባትሪ ካልመጣ አልመጣም ያለችው ኡሙሃኒ ነበረች።

«በአሰብ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው ያሰርኩት» አለ ዘይኑዲን። «ሁለቱ ተከታትለው ካልታሰሩ ጉልበት የለም።»

«ያ ፊያት የጭነት መኪና ነው፤ ሃያ አራት ቮልት ይፈልጋል። ይሄ ማጉያ የሚችለው አሥራ ሁለት ነው።»

ባትሪዎቹን ከሚሠራበት መጋዘን ያመጣው አክረም ሳቀ። «ጋሽ ዘይኑ፣ ዛሬ ሾፌሩ ተቀየረ!»

«አንተ ዝም በል። ሮድ ቴስቱን ሦስቴ ፌይል አድርገህ ስለ ሾፌር ታወራለህ?»

የኡሙሃኒ አባት ኮምቦልቻ ውስጥ ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ነበር። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሲድ ትለካለች፤ አሲድ ያልበሳው ቀሚስ አልነበራትም። ዘይኑዲን መኪናውን አቁሞ ባትሪ ተሸክሞ ይመጣና እስኪሞላ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴ ባትሪው ሙሉ ነበር። አባትዬው ያውቃል፤ ግን ተናግሮ አያውቅም።

«ሁለቱም እኩል ሞልተዋል?» አለችው አክረምን።

«ትናንት ሙሉ ቀን ቻርጅ አድርጌያቸዋለሁ፣ እትዬ።»

«ጥሩ። አለዚያ ጎዶሎው ሙሉውን ይጠጣዋል።»

ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አሰረች። «ቮልቱ ያው አሥራ ሁለት ነው። ጉልበት አልጨመርኩም፤ ዕድሜ ነው የጨመርኩት። አንዱ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሁለቱ ሁለት ሰዓት ይቆያሉ።»

«አባትሽ ይህን እኔን አላስተማረኝም።»

«አንተ መች ባትሪውን ታይ ነበር?»

ዘይኑዲን የተረፈውን ሽቦ መጠቅለል ጀመረ። አክረም ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከተ።

ኹጥባው ረዘመ። ኡሙሃኒ የመጨረሻው ሰልፍ ላይ ተቀምጣ እስከ መዝጊያው ጸሎት፣ እስከ ዱዓው ድረስ ሰማች።

ሜዳው መብራት እስኪገባለት አራት ዓመት ፈጀ። እስከዚያ ድረስ ባትሪውን የምታስረው ኡሙሃኒ ነበረች።