የልጄ ሚኒባስ ዝም ያለችበት ሰሞን

ልጄ ሚኒባስ ገዝቶ ከደብረ ማርቆስ ጉንደ ወይን መሥራት ከጀመረ ወር አልሞላውም ነበር። አንድ ቀን ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ ስንሄድ፣ ኮረኮንቹ ላይ እንደገባን ከመሪው ፊት ያሉት መብራቶች በሙሉ ቦግ አሉ። የፍጥነቱ ቀስት ዜሮ ላይ ወደቀ፤ ሞተሩም ጠፋ። ቁልቁለት ላይ ነን። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደው፤ እንደምንም ታግሎ ዳር አስያዛት።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ "ሹፌር፣ ደመራ ለኮስክ እንዴ?" ብለው ሰዉን አሳቁ። እኔ ግን የበሩን እጀታ አልለቀቅኩም። ልጄ ቆይቶ ቁልፉን ሲያዞረው ምንም እንዳልነካት ተነሳች።

ቤት ስንደርስ "ሽጣት" አልኩት።

"እማዬ፣ አሁን ደህና ናት እኮ።"

"ገደል ስትገባስ?"

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደገማት። ጋራዥ ስትገባ ግን ምንም የለባትም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወስዳት ካልሄድኩ ብዬ ተከተልኩት። ኤሌክትሪሻኑ ኮምፒውተር ሰካባትና፣ "እርስ በርስ አይሰማሙም" አለ።

"እነማን?" አልኩት።

"ማዘር፣ ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ መሪውም የየራሳቸው ትንንሽ ኮምፒውተር አላቸው። የሚነጋገሩት በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ነው። ሁለቱ ከተነካኩ ሾርት ያደርግና ወሬው ይቋረጣል። የእናንተ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ይነካካል፤ ስትቆም ይላቀቃል። ለዚህ ነው እዚህ ስትመጣ ጤነኛ የምትመስለው።"

ዳሽቦርዱን ፈታው። ሁለቱ ሽቦዎች ተገማምደው ያልፋሉ፤ መሀላቸውን አንድ ረጅም ብሎን ወግቷቸዋል።

"የቱ አህያ ነው ይሄን የመታው?" አለ።

"የሸጠልኝ ሰውዬ ነዋ!" ብሎ ልጄ ተነሳ። "አሁኑኑ ሄጄ አንገቱን ነው የማንቀው!"

ብሎኑን አውቀዋለሁ። መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለት፣ የሰው ዓይን እንዳይበላት ብዬ የእመቤታችንን ስዕል ዳሽቦርዱ ላይ ያሰርኩበት ነው። ከበር ማጠፊያ የተረፈ ብሎን ነበር። መኪናዋ በጠፋች ቁጥር ደግሞ ስዕሉ ስለላላ ነው እያልኩ፣ ልጄ ሳያየኝ በካቻቪቴ አጠብቀው ነበር።

"አህያዋ እኔ ነኝ" አልኩ።

ኤሌክትሪሻኑ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። ልጄ አልሳቀም። "እማዬ፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ እኮ አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ ነበር" አለኝ።

ኤሌክትሪሻኑ ብሎኑን ነቅሎ ሽቦዎቹን ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለላቸው። ስዕሉን ሲሰጠኝ፣ "በማስቲሽ ይለጠፋል፣ ማዘር። እመቤታችን ብሎን አትፈልግም" አለ። ልጄ የጋራዡን ግቢ ጉድጓዶች እየመረጠ፣ እያንገጫገጨ ሦስት ጊዜ ዞረባት። ቀስቱ አልወደቀም።

ወርዶ፣ "ነገ ጉንደ ወይን ነኝ" አለኝ።

ያን ሁሉ ቀን ሽጣት፣ አትሂድ ስለው የነበረው በመኪናዋ እያሳበብኩ ነው። አሁን እሷ ድናለች፤ የኔ የመንገድ ፍርሃት ግን እንዳለ ነው። ዋጥ አደረግኩትና "በጊዜ ተነስ" አልኩት።