ሰላምታ የበላው ሁለት ደቂቃ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2018 ላይ ነው፤ ልጄ ናቲ የሃይስኩል ተማሪ ሳለ። እስካሁን በሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ በፌርፋክስ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ፊቴ ይግላል። ቅናት ነው። ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ። ብዙ ጊዜ ጸልዬበታለሁ፤ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል።

የምቀናባት ሴት ሕይወት ትባላለች። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ጎበዟ እኔ ነበርኩ። ለወሬ ማድመቂያ አይደለም፤ ሂሳብ ከኔ ነበር የምትኮርጀው! አባቷ ቀድመው አሜሪካ ገብተው ስለነበር በልጅነቷ ወሰዷት። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ እሷ ሕግ ተምራ ጨርሳለች። እኔ ሚራክል ማይል አካባቢ አንድ አዛውንት ፈረንጅ መንከባከብ ስጀምር፣ እሷ የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ፣ አንድ የሕግ አውጪ ቢሮ ገባች። እዚያ ስልክ ከማንሳት ጀምራ፣ የትኛው ባለሥልጣን ምን እንደሚወድ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ አጥንታ ጨረሰች። ይህን ያዩ የቪዲዮ ጌም ኩባንያዎች ቀጠሯት። ሎቢስት ሆነች።

በቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ጸሎት ኅብረት አለ። የሚመሩት እትዬ አስቴር ናቸው። የሕይወትን ሥራ ለሳቸው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

«ጌም ነው የምትሠራው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ እትዬ። ጌም የሚሠሩት ኩባንያዎች ይልኳትና ሕግ የሚያወጡትን ሰዎች ታነጋግራለች። ኩባንያዎቹን የሚጎዳ ሕግ እንዳይወጣ ታግባባለች።»

«አማላጅ ናት በይኛ!»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«አማላጅ አንድ ነው፤ እሱም ኢየሱስ ነው» አሉና ነገሩን ዘጉት።

ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። እኔ ሰው አንስቼ፣ አጥቤ፣ አልብሼ ወገቤ ተቆርጦ እገባለሁ። እሷ ከሰው ጋር ቡና ጠጥታ፣ «ባለቤትህ ደኅና ናት? ጉልበትህ ተሻለህ?» ብላ ሥራ ሠራሁ ትላለች። ይሄ እኮ የኛ ሰፈር ሴት ሁሉ በነጻ የምትሠራው ነው! እሷ ግን በሱፍ ልብስ፣ በአውሮፕላን እየተመላለሰች ትሠራዋለች። አንጀቴ እርር ነው የሚለው።

ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ፤ ናቲ። አባቱ ግሌንዴል ሌላ ትዳር ይዟል። ጋርዴና ባለችው አፓርታማችን እኔና ናቲ ብቻ ነን። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ክፍሉን ይዘጋል፣ ሄድፎኑን ያጠልቃል፣ በቃ ጌም ነው። «ናቲ» ስለው «ዋት?» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ኢንተርኔቱን አቋረጥኩ። ለጥቂት ቀን አኮረፈኝና ስቀጥልለት ተመልሶ ገባ። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ልጄ እየጠፋብኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ፌርፋክስ ምሳ ልንበላ ሄድን። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስዞር ሕይወት ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ለሥራ መጥታ ኖሯል። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አብረን ተቀመጥን።

ናቲ እንደ ልማዱ ሄድፎኑን አጥልቆ ስልኩን ያያል። «ይቺ አክስትህ ለጌም ካምፓኒዎች ነው የምትሠራው» አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። ምን አፌን ከፈተው! ሄድፎኑን አወለቀ።

አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ መልሳ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው? ደግሞ እኮ በአማርኛ ነው! «ሶ፣ አንቺ ጌሙ ሳይወጣ ታዪዋለሽ? ሰዎቹ ካልሰሙሽስ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላታል። የልጄ አማርኛ እንዲህ እንደሚፈስ አላውቅም ነበር። እሷ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጠዋለች፤ እንደ ትልቅ ሰው «ከዚያስ?» ትለዋለች። ጥብሱ ቀዘቀዘ። «ብላ እንጂ» ስለው እጁን ወደኔ ዘረጋና «ማሚ፣ ዌይት» አለኝ። ለሷ ያ ሁሉ ወሬ፣ ለኔ «ዌይት»።

እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ የሆዴን ዘረገፍኩላት። ራቱን በሩ ሥር አስቀምጬለት ወዲያው እንደማልሄድ ነገርኳት። በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ከማያውቃቸው ልጆች ጋር እየተጫወተ ከት ብሎ ይስቃል። ቤቴ ውስጥ የልጄን ሳቅ የምሰማው በተዘጋ በር በኩል ብቻ ነው። ሳቁን ሰምቼ ነው ሄጄ የምተኛው። ለማንም፣ ለእትዬ አስቴር እንኳን ተናግሬው አላውቅም።

ሕይወት አንድም ቃል አላቋረጠችኝም። ምክርም አልሰጠችኝም። እጄን ያዘችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ወሬ መጣ። ልጆች ጌም ላይ የሚያጠፉትን ሰዓትና ገንዘብ የሚገድብ ሕግ ይውጣ አይውጣ ለማለት፣ ሕግ አውጪዎቹ ሎስ አንጀለስ መጥተው የሕዝብ ሐሳብ ሊሰሙ ነው ተባለ። እትዬ አስቴር ይህን ሰምተው ዝም ሊሉ ነው? የእናቶች ኅብረት ይሄዳል ተባለ። ተናጋሪ ሲመረጥ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እንግሊዝኛዬ ደኅና ነው፣ ልጁም የኔ ነው።

በሌላው ወገን ሆና የምትናገረው ሕይወት እንደሆነች ስሰማ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። እሰይ! አልኩ። ጎበዟ ማን እንደነበረች ዛሬ ይታያል። ናቲም ይይ። ስብሰባው በኢንተርኔት ቀጥታ ይተላለፋል ስለተባለ «ተመልከት፣ እኔ ልናገር ነው» አልኩት። «አውቃለሁ፣ ሕይወት ቴክስት አድርጋልኛለች» አለኝ። ስልክ ተለዋውጠው ኖሯል! ያን ቀን ሥራ ቦታ ለአዛውንቱ ስኳር የረሳሁበት ሻይ ነው የሰጠኋቸው።

ቀኑ ደረሰ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ከእናቶቹ ጋር ዳውንታውን ሄድን። አዳራሹ ስንገባ ሕይወት እንደ ሰርግ ቤት አስተናጋጅ ትዞራለች። ለአንዱ ጆሮ ጠጋ ትላለች፣ የሌላውን ክንድ ነካ ታደርጋለች፣ የበር ጠባቂውን ሳይቀር በስሙ ትጠራዋለች። እኛን ስታይ መጣችና እትዬ አስቴርን ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ገኒዬ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡሽ። ሰላምታውን ተዪው። በቀጥታ ከናቲ በር ጀምሪ።»

ልታሳስተኝ ነው አልኩ በሆዴ። ከኔ ተቃራኒ ቆማ ምን ቸገራት? ደግሞስ ሰው ፊት ቆሞ፣ ያውም ሹማምንት ፊት፣ ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት የማን ቤት አስተዳደግ ነው? ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ስንወጣ እንኳ አስቀድመን ጌታን እናመሰግናለን፣ ቀጥሎ አገልጋዮችን፣ ቀጥሎ ጉባኤውን። ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው።

ስሜ ተጠራ። ማይኩ ጋ ቆምኩ። መጀመሪያ ለዚህ ቀን ያደረሰኝን ጌታ አመሰገንኩ። ከኋላዬ እናቶቹ «አሜን!» አሉ። ሰብሳቢውን አመሰገንኩ። ቀጥሎ የተቀመጡትን በየተራ፣ አንዷን ብዘል ታዝንብኛለች ብዬ፣ አመሰገንኩ። እንግዳ ተቀብላ ያኖረችንን አገር ባረክሁ። «አሜን!» አሉ አሁንም፣ እየሞቃቸው ሄደ። የመጣሁበትን ኅብረት አስተዋወቅኩ፤ መሪያችን እትዬ አስቴር ናቸው ስል እሳቸውም ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ነሡ። ድምፄ አምሮልኛል። አሁን ወደ ልጄ ልገባ ትንፋሽ ስስብ ቀይ መብራት በራ።

«ታንክ ዩ፣ ማም» አለ ሰብሳቢው።

«ገና ነኝ እኮ፣ ልጄ...» ስል ማይኩ ተዘጋ። ሌላ ሰው ተጠራ። ናቲ የሚለውን ስም እንኳ አልጠራሁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ናቲ እያየ ነው፣ የክፍል ጓደኞቹም እያዩ ይሆናል።

ጥቂት ሰዎች ከተናገሩ በኋላ የሕይወት ተራ ደረሰ። ወረቀት አልያዘችም። ሰላምታም የለ፣ ምስጋናም የለ።

«አንዲት እናት አውቃለሁ» ብላ ጀመረች። «የልጇን ራት በሩ ሥር ታስቀምጣለች። ከዚያ ቆማ ትሰማለች። ልጇ ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ከሰማች በኋላ ነው ሄዳ የምትተኛው።»

ስሜን አልጠራችም። የኔን ነገር ግን ከኔ አሳምራ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። አንዷ ሕግ አውጪ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ላስለቅሳት የመጣሁትን ሴትዮ እሷ አስለቀሰችልኝ! ከዚያ ዞር አለችና «ያን በር ሕግ አይከፍተውም። ኩባንያዎቻችን ለወላጆች ያዘጋጁት መቆጣጠሪያ አለ፤ ለዚህች እናት የሚያሳያት ሰው ነው ያጣችው» ብላ ነገሩን ሁሉ ለኩባንያዎቹ አደረገችው። ጊዜዋ እንኳ ሳያልቅ ተቀመጠች።

«ወይኔ! በገዛ እንጨታችን ራሷ ሞቀችበት» አሉ እትዬ አስቴር።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። እንባዬ ቀድሞኛል።

«ሕይወት፣ እሱ የኔ ነበር! የሆዴን ነው የነገርኩሽ፣ ለሥራሽ አይደለም!»

«አውቃለሁ፣ ገኒዬ። በይው ብዬሽ ነበር። አንቺ ሳትዪው ስትቀሪ ማን ይበለው? ናቲ እኮ እያየ ነው።»

«በልጄ አትምጪብኝ!» አልኳትና ጥያት ወጣሁ። ፍሪዌዩ ተጨናንቋል። እስከ ጋርዴና ድረስ ብቻዬን ስሰድባት ሄድኩ። በሂሳብ ኩረጃው ጀምሬ ሥራዋን፣ ሱፏን አነሣሁ፤ ልጄን፣ አሁን ደግሞ ቃሌን ወሰደችብኝ። ምን ቀረኝ?

ቤት ስገባ ናቲ ኪችን ውስጥ ተቀምጧል። ሄድፎን የለም። የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሚስቅብኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ቆምኩ።

«ማሚ፣ ያቺ እናት አንቺ ነሽ?»

ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«በሩ ጋ ትቆሚያለሽ? ሁልጊዜ?»

«አዎ።»

«ለምን አታንኳኪም?»

«ሳንኳኳ ሳቅህ ይቆማላ።»

ናቲ አንገቱን ደፋ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ፤ ሕፃን ሳለ ሊያለቅስ ሲል እንደዚያ ነበር የሚሆነው። ከጎኑ ያለውን ወንበር በእግሩ ገፋልኝ።

«ምን ልትዪ ነበር? እዚያ፣ ማይኩ ሳይዘጋ?»

ተቀመጥኩ። «እንግዲህ በመጀመሪያ ጌታ...» ስል ሳቁ አመለጠው። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሰላምታውን ዝለዪው!» እኔም ሳቅኩ። ስንስቅ መሃላችን በር አልነበረም። ከዚያ ነገርኩት። መብራት የሚያበራብኝ ሰው ስለሌለ ረጅም ሰዓት ነገርኩት። ራታችንን እዚያው በላን። ጌሙን አልተወም፤ በሩን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ገርበብ እያደረገ ነው የሚጫወተው።

ሕጉ ያኔ ሳይወጣ ቀረ። ሕይወት አሸነፈች፣ ይባስ ብሎ ሹመት አግኝታ ዋሽንግተን ገባች። ታርቀናል። ለበዓል ትደውላለች፣ እኔም ተባረኪ እላታለሁ። ግን ቅናቱ አለ። ልጄ የኔን ሆድ በኔ አፍ ቢሰማው ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ጋ የቆምኩት እኔ፣ በሩን ያስከፈተችው እሷ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አመስግኛት ሳልጨርስ እናደድባታለሁ።

ናቲ አሁን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ነው። የሚማረው ስለ መንግሥትና ስለ ሕግ አወጣጥ ነው። «ይሄም አማላጅ ሊሆን ነው!» ይላሉ እትዬ አስቴር። እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። ጤናዬን፣ ወገቤን፣ ሥራዬን፣ እትዬ አስቴርን፣ እናቶቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከዚያ እኔ ሰላምታዬን ስጀምር አንድም ቀን አቋርጦኝ አያውቅም፤ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። ስልኩን ስዘጋ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ይህንንም ሕይወት ናት ያስተማረችው ብዬ ግን እጠረጥራለሁ።